ቅቤ የማይነካው ድስት

ሰኞ

ደሳለኝ፣ የኔ ደሴ፣ ሄደ። ሻንጣ ከያዘ የግቢያችን ዘበኛ፣ አስካሪው፣ ወዴት ነው ብሎ ይጠይቃል። ስለዚህ ልብሱን በሁለት የገበያ ቦርሳ ከፋፍሎ ሱኩማ ጎመን ሊገዛ እንደሚወጣ ሰው ወጣ። በሩ ላይ ቆሞ "አንድ ሳምንት ምን አላት?" አለኝ። ማጽናናት የነበረብኝ እኔ ነኝ፣ አጽናኙ እሱ ሆነ። ኢምባካሲ፣ ከሚሠራበት የካርጎ መጋዘን አጠገብ፣ የሥራ ባልደረባው አንድ ክፍል ቤት አለው። እዚያ መሬት ላይ ፍራሽ ዘርግቶ ይሰነብታል።

ነገ እህቴ ዘነበች ከአዲስ አበባ ትመጣለች። እትዬ ነው የምላት። እናትና አባታችን ከሞቱ በኋላ ያሳደገችኝ እሷ ናት፤ የመጀመሪያ ደብተሬን የሸፈነችልኝ፣ የመጀመሪያ ጢሜን አይታ የሳቀችብኝ። ናይሮቢ ከገባሁ ወዲህም ሌላው ዘመድ ሲረሳኝ እየደወለች የምትጠይቀኝ እሷ ብቻ ናት። እሷ ስለ ደሴ አታውቅም። ከደሳለኝ ጋር ፓርክላንድስ አንድ ቤት፣ አንድ አልጋ፣ አንድ ኑሮ ከያዝን ዓመታት አልፈዋል። ለጎረቤት የአክስትና የአጎት ልጆች ነን። እዚህ ደብተር ላይ ግን ልጻፈው፦ የምወደው ሰው ነው።

የደበቅነው፦
ሁለተኛው የጥርስ ብሩሽ።
ጫማዎቹ። (እግሩ የኔን አንድ ተኩል ያክላል።)
ሞምባሳ የተነሳነው ፎቶ።
ከትራሱ ሥር የነበረው ውዳሴ ማርያም። እኔ እንደማልጸልይ እትዬ ታውቃለችና።

ሥራው ደግሞ! የምሠራው የፊልም ትርጉም ነው፤ ከስክሪኑ ግርጌ የሚያልፈውን ጽሑፍ አማርኛ አደርጋለሁ። የዚህ ሳምንቱ የኬንያ ፊልም ነው። ብርድ በሚነክስበት ደጋ ላይ ድንች የሚያመርቱ ሁለት ወንዶች፣ ካማውና ንጆሮጌ፣ ይዋደዳሉ፤ አገሩ ግን አይፈቅድላቸውም። እሑድ ከሰዓት ዌስትላንድስ፣ አንድ ፎቅ ላይ፣ ለተጠሩ ሐበሾች ብቻ ይታያል። ከፊልም ሁሉ ይኼ፣ ከሳምንት ሁሉ በዚህ ሳምንት። ፈጣሪ ሲቀልድ እንዲህ ነው።

ማክሰኞ

መጣች! ኤርፖርት በር ላይ አቅፋኝ አልቅሳ ሳትጨርስ "ወፍረሃል፤ ማነው እንዲህ የሚቀልብህ?" አለች። ሳቅኩ። አጥራለች፣ ወይም እኔ ናፍቆት አሳድጎብኝ ነበር። ጸጉሯ ሸብቷል። እጇ ግን ያው የአስተማሪ እጅ ነው፣ ስትናገር ሌባ ጣቷ ይነሳል። ጡረታ ከወጣች ወዲህ የምታስተምረው አጥታ ዓለሙን ሁሉ ታርማለች።

ግቢ በር ላይ አስካሪው በፈገግታ "ዩሌ ምዌንዛኮ ዩኮ ዋፒ?" አለኝ። ያ ጓደኛህ የት ሄደ ማለቱ ነው። "ሳፋሪ"፣ መንገድ ሄዷል፣ ብዬው ላልፍ ስል እትዬ "ምን አለ?" አለች።

"እንኳን ደህና መጣሽ እያለሽ ነው።"

"እግዜር ይስጥልኝ ወንድሜ!" ብላ አጎንብሳ እጅ ነሳችው። እሱም ደነገጠና አጎነበሰ።

ምን ያልያዘችው አለ። በርበሬ፣ ድርቆሽ፣ ከሸኖ ያስመጣችው ለጋ ቅቤ። ራት እኔ ነኝ የምሠራው ብላ ኩሽና ገባች። እኔ ሽንኩርት እየላጥኩ ስለ ፊልሙ አንድ መስመር እያሰብኩ ነበር። ዞር ስል ከመደርደሪያው ድስት አውርዳ፣ ቅቤ በማንኪያ ዝቃ፣ ማንኪያው ድስቱ አፍ ላይ ደርሷል። እጀታው ላይ ቀይ ክር የታሰረበት ድስት።

ነጠቅኳት። ድስቱን እንጂ ማንኪያውን አይደለም። ቅቤው ወለሉ ላይ ጠብ አለ።

"እሱ የጾም ነው! ቅቤ አይነካውም!"

ከአፌ ከወጣ በኋላ ነው የሰማሁት። እኔ! ስቅለት ዕለት ተደብቄ ወተት ስጠጣ በገዛ እጇ የያዘችኝ እኔ! ደሴ ነው ረቡዕና ዓርብ የሚጾመው። አብረን መኖር የጀመርን ሰሞን ነው ክሩን ያሰረው። እኔ ጾሜ ባላውቅም፣ በዚያ ድስት ስቀቅልለት እጄ ሳይነግረኝ ሃይማኖት ለምዷል። ውዳሴ ማርያሙን ስንደብቅ፣ ጫማ ስንቆጥር፣ ድስቱ መደርደሪያው ላይ ተቀምጦ እያየን ነበር።

እትዬ ቅቤውን ከወለሉ ጠረገች። ሌላ ድስት አነሳች። ዘነበች ዝም ካለች ነገር አለ።

ረቡዕ

ዛሬ ሽሮዋን በዚያው ድስት ሠራች። ከመጣዷ በፊት ወደ መስኮቱ ወስዳ ውስጡን አየችው፣ አሸተተችው።

"ይኼ ድስት ቅቤ አይቶ አያውቅም" አለች። "ደህና አድርጎ የተጾመበት ድስት ነው።"

ማንኪያ ፍለጋ መሳቢያ ከፈትኩ።

"ማናት?"

"ማን?"

"ክሩን ያሰረችው።"

ማንም የለችም አልኩ። ውሸት አይደለም፣ እውነትም አይደለም። እሷ ግን ፊቷ በርቷል። "አልቆጣህም እኮ ማሙሽ። አንተን ጾም ያስለመደች ሴት ከተገኘች እኔ ሌላ ምን እፈልጋለሁ? ብትነግረኝ ኖሮ ሻሽ ይዤላት እመጣ ነበር።" ቀኑን ሙሉ ስትፈልጋት ዋለች። መታጠቢያ ቤት ገብታ ረጅም ጸጉር ስታስስ አየኋት። ያላገኘችውን ሁሉ ለጨዋነቷ ቆጠረችላት፤ "አመለ ሸጋ ልጅ ናት፣ ዕቃዋን ወንድ ቤት አትተውም" አለች ለራሷ።

ከመተኛቷ በፊት ስትጸልይ ድምጿ በበሩ ያልፋል። "ያቺን ልጅ ባርክልኝ" አለች። እኔም በዚህ በኩል አሜን አልኩ። ምን ልበል? ጸሎቱ የደረሰው ትክክለኛው ሰው ጋ ነው።

ሐሙስ

ዌስትላንድስ ሄድኩ። መንገዱ እንደተለመደው ቀጥ ብሎ ቆሟል፤ ከማታቱ ሚኒባሱ ወርጄ በእግሬ ገባሁ። የጃካራንዳው ዛፍ አበባ አስፋልቱን ሐምራዊ አድርጎታል፣ ቆንጆ ነው፣ ጫማ ግን ያንሸራትታል። ሥራውን የሰጠችኝ ልጅ "ተነብቦ ይምጣ" አለች። ሕጋችን ነው። ፊልሙን አይቶ የማያውቅ ሰው ተቀምጦ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነባል፤ ሳይደርስበት የሚያልፍ መስመር ካለ ስክሪኑ ላይ የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል ወይም ጽሑፉ ያጥራል። የኔ አንባቢ ሁልጊዜ ደሴ ነው። ቀስ ብሎ ያነባል፣ ቃል አይዘልም፣ ሲያስቀው ይስቃል። አሁን ማን ያንብብልኝ? ይህን ፊልም ደግሞ ለማንም አይሰጡትም።

በምሳ ሰዓት ደወለ። ይስላል። ሲሚንቶው ብርዱን ያወጣል አለ፣ እንደ ቀልድ።

"እሷ እንዴት ናት?"

"ባርካሃለች" ብዬ የሆነውን ነገርኩት። እስኪያስለው ሳቀ። ከዚያ "ንገራት አልልህም፤ የኔን ታውቃለህ" አለ። አውቃለሁ። ቤተሰቦቹ ያወቁ ዕለት ስልካቸውን ዘጉበት፤ ከዚያ ወዲህ የእናቱን ድምፅ አልሰማም። "ግን በሴት ስም መባረክ አልፈልግም። የማትነግራት ከሆነ ዝም በል፤ ሚስት አለችኝ እንዳትላት ብቻ።"

አልላትም አልኩት። እፈራለሁ። ነገርኳት ማለት ይቺ አንዲት ስልክም ዝም ልትል ነው። ዝም አልኩ ማለት ደግሞ በመጣች ቁጥር እሱ ቦርሳ ይዞ ሊወጣ ነው። ሁለቱንም አልችልም።

ዓርብ

ዝናብ። ቢሮ ስቲማ ጠፍቷል ተባልኩ፤ እዚህ ግን መብራት አለ፣ ተመስገን። ቤት ምግብ ጠረጴዛው ላይ ኮምፒዩተሬን ዘርግቼ በጆሮ ማዳመጫ ስሠራ፣ ከኋላዬ፦

"'ዘንድሮ ድንቹ አልያዘም።' የማን ድንች ነው?"

እትዬ መነጽሯን አድርጋ ከትከሻዬ በላይ ታነባለች። ነጥብ ላይ ቆም፣ ሰረዝ ላይ ተንፈስ፤ ያ የሦስተኛ ክፍል ድምጿ። በዚያ ድምፅ ነው ማንበብ የተማርኩት።

ሥራው ምን እንደሆነ ጠየቀች፣ አስረዳሁ። አንባቢ እንደሚያስፈልግ፣ አንባቢዬ እንደሌለ ጭምር አመለጠኝ። "እኔስ?" አለች።

"ላንቺ አይሆንም እትዬ።"

"ምን አለበት? ጦርነት ነው?"

"የፍቅር ፊልም ነው።"

"እና እኔ ፍቅር አላውቅም?" ብላ ተቆጣች። እውነቷን ነው፤ ባሏን ምን ያህል እንደወደደችው፣ ሲሞት ምን እንደሆነች አይቻለሁ። ነገ አልኳት። ይህን ስል ጀግና ሆኜ ይሁን ወይም ለመናገር ሰንፌ ለፊልሙ ትቼለት ይሁን አላውቅም።

ቅዳሜ

በተርታ ልጻፍ።

ከምሳ በኋላ ተቀመጥን። እሷ መሃል፣ እኔ በጎን፣ ማቆሚያው ላይ ጣቴን አድርጌ። በመጀመሪያ ጥሩ ነበር። እስከ ትምህርት ዕድሜዋ ሸኖ አያታችን ጋ ስላደገች ድንች ታውቃለች። መስመሩን ታነብና ተዋናዩን ታርማለች፦ "እንዲህ አይኮተኮትም፣ ሥሩን ቆረጠው! ይኼ ልጅ ዶማ ይዞ አያውቅም።" ላሚቱን ወደደቻት። ካማው ጎረቤት ሆኖ ሲመጣ፣ አብረው ሲያርሱ፣ ወተት ሲጭኑ "ደግ ወንድማማቾች" አለች።

ከዚያ ንጆሮጌ በትኩሳት ይወድቃል። ካማው ጀርባውን በእርጥብ ጨርቅ ያብስለታል፣ እጁን እዚያው ይተወዋል። ጽሑፉ መጣ፦ "አንተ ከሌለህ ቤቱ ይበርደኛል።"

አላነበበችም። ዞሬ ላያት አልደፈርኩም። ተነስታ የምትሄድ መሰለኝ።

"መልሰው" አለች።

"ምን?"

"ቶሎ አለፈብኝ፤ መልሰው።"

መለስኩት። አነበበችው። የሦስተኛ ክፍሉ ድምፅ አልነበረም። መስመሩን ትንሽ አስረዘምኩት፣ ፊልሙም ቀጠለ፣ እሷም ማንበቡን ቀጠለች፣ ማረሙን ግን አቆመች።

የንጆሮጌ አጎቶች ሚስት ሊያጩለት መጡ። ከትኩሳቱ ወዲህ ንጆሮጌ ቤት ያድር የነበረው ካማው ብርድ ልብሱን ይዞ ወደ ከብቶቹ በረት ሄደ። ቆርቆሮው ላይ ዝናብ ይወርዳል። እሱ እጁን ላሚቱ ሆድ ላይ አድርጎ ያሞቃል። ቤት ውስጥ አጎቶቹ ይበላሉ፣ ንጆሮጌ ምግቡን አልነካም።

"ሻይ እንኳን የሚወስድለት ሰው የለም?" አለች እትዬ።

"የለም።"

"ያስ? አፉን ምን ዘጋው? ወጥቶ አይጠራውም?"

"ይፈራል እትዬ። ዘመዶቹን ያጣል።"

ጽሑፉ ሳይነበብ አለፈ፣ ሌላውም አለፈ። የኛም መስኮት ላይ ዝናቡ ነበረ። ከዚያ እትዬ ስክሪኑን እያየች፣

"የሚጾመው ሰውዬ የት ነው የሚያድረው?" አለች።

ፊልሙን አቆምኩት።

"ኢምባካሲ። ጓደኛው ቤት።"

"አልጋ አለው?"

"መሬት ላይ ነው።"

"እኔ ከመጣሁ ጀምሮ?"

"አዎ።"

"ስሙ ማነው?"

"ደሳለኝ።"

ተነስታ መኝታ ቤት ገባች፣ በሩን ዘጋች። የታጠበ ሳህን መልሼ አጠብኩ። ስታለቅስ ይሰማኛል። እኔም አለቀስኩ፣ በውኃው ድምፅ ተደብቄ። ያሳደገችኝን ሴት አጣሁ ብዬ ነበር። ያችን ሰዓት ማንም ላይ እንድትደርስ አልመኝም።

ስትወጣ ፊቷን ታጥባለች፣ ዓይኗ አብጧል። ሌባ ጣቷ ተነሳ።

"ስማኝ። ይኼን ነገር አልወደውም። አልገባኝም። ሃይማኖቴም እሺ አይለኝም፣ አልዋሽህም።"

"እሺ እትዬ።"

"ግን እኔ ሞቆኝ ተኝቼ ሰው በኔ ምክንያት መሬት ላይ አያድርም። እኔ እንደነዚያ አጎቶች ነኝ? እንደዚያ ነው የምታየኝ?"

"አይደለም።"

"እንግዲያው ለምን አስወጣኸው? ጥራው።"

አቀፍኳት፣ መጀመሪያ እንደ እንጨት ደረቀች፣ ከዚያ እጇ ጀርባዬን መታ መታ አደረገ። ትንሽ ቆይታ "ሥራህ እንዳይበላሽ፤ ጨርሰው" አለች። መጨረሻው ድረስ አነበበችልኝ። መጨረሻ ላይ ካማው በወተት መኪና ተሳፍሮ ይሄዳል፣ ንጆሮጌ መንገዱ ዳር ቆሞ ይቀራል። "ጅል!" አለች። የትኛውን እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ለደሴ ደወልኩለት፤ ዛሬ የሌሊት ፈረቃ ስላለበት ነገ ይመጣል።

እሑድ

እትዬ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሳ ነጠላዋን ሳታወልቅ ሳሎን ተቀምጣለች። እኔ ጋዜጣ የያዝኩ መስዬ አላነብም። ደወሉ ጮኸ። ልነሳ ስል በእጇ ከለከለችኝና ራሷ ከፈተች።

ደሴ ነው። ሁለቱ የገበያ ቦርሳዎች በእጁ፣ ዝናብ ትከሻው ላይ፣ ዓይኑ መሬት። ቁልፉ ኪሱ ውስጥ እያለ ደወለ።

"ጤና ይስጥልኝ እትዬ፣ እንደምን ሰነበቱ?" አለ ዝቅ ብሎ።

ከላይ እስከ ታች አየችው። ረጅም ነው፣ ለማየት ቀና ማለት ነበረባት።

"ቤትህ አይደለም እንዴ? ምን ያስደውልሃል?" አለችው።

ይህን ዓረፍተ ነገር እስክሞት እጽፈዋለሁ።

ከዚያ በኋላ ሁሉ ነገር ቀላል ሆነ ብል ውሸት ነው። ምሳ ላይ ሦስታችንም ለጨው ይቅርታ እንጠያየቅ ነበር። እትዬ እሱን በቀጥታ ስታይ አንድ ጊዜ ዓይኗ ሞላ፣ ሽንኩርት ነው አለች፣ ሽንኩርት የለም። ደሴ ሲስል ግን ዝንጅብል መፍጨት ጀመረች፣ የዳሞት ልጅ መሆኑን ስትሰማ ስለ ድንች ጠየቀችው፣ እሱም እንዴት እንደሚኮተኮት በሹካ አሳያት። "አየህ!" አለችኝ፣ "ይኼ ያውቃል!"

ዌስትላንድስ ከኛ ጋር አልመጣችም፤ "አንድ ጊዜ ይበቃኛል" አለች። ፊልሙ ታየ። አንድም መስመር ሳይነበብ አላለፈም። ያ መልሰው ያለችኝ መስመር ሲመጣ ከኋላ አንድ ሰው አፍንጫውን ተናፈጠ። ደሴ በጨለማው ውስጥ እጄን ያዘ። አመሰግናለሁ አልኩ፣ ለማን እንደሆነ ሳልለይ። ለእሷ፣ ለእሱ፣ ለማላውቀው ተዋናይ፣ ደሴ ለሚያውቀው ለፈጣሪም።

ማክሰኞ

እትዬ ትናንት ሄደች። ደሴ ዕቃዋን ተሸክሞ እስከ ኤርፖርቱ መግቢያ በር ሸኛት። እኔን ስትስመኝ "ገና አልጨረስኩም፤ ጊዜ ስጠኝ" አለች። ለመታገሥ ነው ወይስ እኔን ለመተው? መጠየቅ ፈራሁ። ደሴን ጨበጠችው፣ አልሳመችውም።

ደርሻለሁ ብላ አልደወለችም። በየጉዞዋ ደርሻለሁ የምትል ሴት። ትናንት ማታ የለም፣ ዛሬ ጠዋት የለም። አገሯ ስትገባ፣ የራሷን ሰዎች ስታይ፣ ልቧ ተመልሷል አልኩ። እንዲያም ቢሆን አልከፋባትም ብዬ ራሴን ሳለማምድ ዋልኩ፤ ሰው ከሚችለው በላይ ሰጥታኛለች። ደሴ ስልኬን በየሰዓቱ ያይ ነበር። የሱም ስልክ እንዲህ ነበር ዝም ያለው።

ከሰዓት በኋላ የድምፅ መልእክት ገባ። አጭር ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን እየሄደች ይመስለኛል፣ የመንገድ ድምፅ አለ።

"ማሙሽ፣ ደህና ገብቻለሁ። የዚያን ልጅ የክርስትና ስም ላክልኝ።"

በቃ። ሌላ ነገር የለውም።

እትዬ በየጊዜው ለንስሐ አባታችን የቤተሰቡን የክርስትና ስም ትሰጣለች፣ እሳቸው በጸሎት ያነሱታል። የራሷን፣ የልጆቿን፣ የኔን። የጎረቤት ስም አትሰጥም፤ የጎረቤቱን ጎረቤት ይስጥ ትላለች።

መልእክቱን ለደሴ አሰማሁት። ደግሜ አሰማሁት። "እንድትለወጥ ልታስጸልይብህ ይሆናል" አልኩት፤ ነገሩን ሳላውቅ ደስ ሊለኝ ስለፈራሁ።

"ይሆናል" አለ። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ፣ መዳፉን ፊቱ ላይ አደረገ። "ቤት ከወጣሁ ወዲህ ስሜን ለጸሎት የጠየቀኝ ሰው የለም" አለ ከመዳፉ ውስጥ። "ላክላት።"

ወልደ ገብርኤል ብዬ ላክሁ። አንብባዋለች፣ ምልክቱ ሰማያዊ ሆኗል። መልስ አልጻፈችም። አሁን እዚያ ከስሜ ቀጥሎ የሱን እያስጻፈች ይሆናል።